ስማቸው

በራችን ላይ ቆሞ ጫማችንን ቆጠረ፤
አራት ጥንድ ኮንጎ ተደርድሮ ነበረ።
«ልጆችህ ስንት ናቸው?» ብሎ ጽፎ ሰጠው፤
አባቴ በጣቱ ሦስት ብሎ አሳየው።
ጎንበስ አለ እንግዳው፤ ትንሿን አነሳ፣
ጭቃዋን ጠረገ፣ ተረከዟ የሳሳ፤
በአባቴ ፊት ለፊት ይዟት ቆመ ዝም ብሎ፣
እንደ ክስ ወረቀት በጣቱ አንጠልጥሎ።
ከጓዳው በስንጥቅ እኔ ሁሉን አየሁት፤
ለእኔ የቆመ ሰው ያን ቀን ለየሁት።

አባቴ ዞሮ ሄደ። በሩን ግን አልዘጋውም።

ስማቸው ይባላል። እናቱ ስታወጣ፣
ገና ጆሮው ክፍት ነው፣ ትኩሳት ሳይመጣ።
በሰባት ዓመቱ ማጅራት ገትር ያዘው፤
ድምፅ ድምፁን ለቅሞ ነፍሱን ለሱ ተወው።
«ስማቸው የማይሰማ» የሰፈር ቀልድ ሆነ፤
ከንፈር እያየ ነው ሳቁን የመዘነ።
ስም ነው? ወይስ ትእዛዝ? ቢፈቱት ሁለት ነው፤
ወርቁ ለሱ ሳይሆን ለሚሰማው ሰው ነው።

ደብረ ሲና ሲመደብ ግምጃ ቤት ሰጡት፣
ስብርባሪ ዴስክና አንድ መስኮት ያላት፤
«ልዩ ፍላጎት» ብለው በኖራ ጻፉባት፤
አምስት ልጆች ሆነን ያን ቀን ገባንባት።
ልዩ ፍላጎታችን? እንደ ሰው ማውራት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጉም ከገደል ወጥቶ፣
መስኮታችንን አልፎ፣ በበሩም ገብቶ፣
የመምህሩን እጆች ከክንድ ሲቆርጣቸው፣
ጅቡና አህያዋም ጠፉ ከነተረታቸው።
የሚሰሙ ልጆች በጉም ውስጥ ይጮኻሉ፤
እኛ በምን እንጩኽ? እጆች የት ይታያሉ?
እሱ ግን አልበተነን፤ ጠጋ ብሎ ዳበሰን፤
እጄን በእጁ ላይ አድርጎ ተረቱን ጨረሰልን።
እኔም ላጠገቤ፣ እሷም ለቀጣዩ፣
ጅቡ በመዳፍ ዞረ፣ ዓይኖች ሳያዩ።
መታለሉን ያወቅሁት በጣቴ ነው።

ፍርድ ቤት ግን ሌላ ነው፤ ጉም የለም፣ ሰው አለ።

ትርንጎ ሁለት ዓመት የሰው ቆሎ ቆልታ፣
ለአውቶቡስ መንገደኛ ላስቲክ ውስጥ ከትታ፣
ደሞዜን ብትል በእጇ፣ «ምን አለች?» አለ ጌታዋ፤
«ቃሏን ትስጥ» ተባለ፤ ተዘጋ አቤቱታዋ።
ስማቸው ማክሰኞ፣ በችሎት ቀን፣ መጣ፤
ከኋላ ወንበር ሆኖ እጁን ብቻ አወጣ።
«ተቀመጥ» አሉት። ቆመ። በሳምንቱ ደግሞ።
በሳምንቱ። በክረምት። ጉልበቱን ታሞ።
ዘበኛው ሲያስወጣው በር ላይ ቆሞ ቀረ፤
ዘጠኝ ወር ማክሰኞን በእግሩ ቆጠረ።
አንድ ቀን ዳኛው መነጽሩን አውልቆ
«ይህ ሰው ምን ይላል?» አለ፣ ከልቡ ተጨንቆ።
እሷ በእጇ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ በደብተሬ፣
በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ እየራደ ብዕሬ።
ጸሐፊው ጮኾ አነበበ። አልኩ፦ «ድምፅ ተበደርን።»
ስማቸው አልወደደም፦ «የኛን ነው ያስመለስን።»
ትርንጎ ተከፈላት። ሁሉንም አይደለም።
ግማሹን። እሱ ደግሞ ግማሽ አያስደስተውም።

ከወረዳ ደብዳቤ «ለደንቆሮው መምህር» ብሎ ቢመጣለት፣
በቀይ እስክሪብቶ አርሞ፣ ሦስት ከአሥር ሰጥቶ መለሰለት።

ዘንድሮ ጡረታ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ሐኪም ስም ሰጥቶታል፤ ለኛ ግን ይመስላል
የጣት መንተባተብ።
ጣቱ ፊደል ይሠራል፣ ክንዱ ይወዘውዘዋል፤
«ሰ» ሊል የጀመረው ሱ፣ ሲ፣ ሳ ይሆናል።

ባለፈው እሑድ ሄድኩ፤ በሩ ላይ ቆጠርኩኝ፤
ሃያ ሦስት ጥንድ ጫማ፤ ሃያ አራት አደረግኩኝ።
እሱ በመንዝ ባና ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤
ቃል ይጀምርና መሀል ላይ ይፈሳል።
ከእጁ ሥር መዳፋችንን በተራ ዘረጋን፤
ጉም የሌለው ቀን ነው፣ እንደ ጉሙ ቀን ተጠጋን።

የጎረቤት ልጅ ነበር፣ ጆሮው የሚሰማ፣
ግራ ገብቶት ቆሞ ከበሩ ጨለማ።
ወረቀት አቀበለኝ፤ «ምን እያሉ ነው?» ይላል፤
የሃያ አራት ሰው ወሬ በምን ቃል ይጻፋል?
ጻፍኩለት፦

«ስማቸው።»